የእጅ ባትሪ ሊትየም ድንጋይ፦ 9800 የሚለው እውነት ነው? የቱን ልግዛ?

የዘጌ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። አባቴ ዘጌ ነው የሚኖረው፤ ቡናው ሲደርስ ሌሊት እየተነሳ ይጠብቃል። ከባሕር ዳር የምትሞላ የእጅ ባትሪ ልኬለት ነበር፣ ያቺ አፏ ወደፊትና ወደኋላ እየተሳበ ብርሃኗን የምታጠብና የምታሰፋዋ። አብሯት የመጣው ድንጋይ አንድ ፍሬ ነው፣ ወፈር ያለ፣ 18650 ይላል። ከጎኑ ደግሞ 9800 ሚሊአምፒር አወር፣ 3.7 ቮልት ተብሎ ተጽፎበታል። ግድግዳ ላይ በሚሰካው ቻርጀሯ ስንሞላው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አረንጓዴ ያበራል፣ ግን ስታወጣው እጅ ያቃጥላል። ብርሃኑም አንድ ሰዓት ሳይቆይ ይደክማል። ቻርጀሩ ላይ 4.2 ቮልት 500 ሚሊአምፒር ይላል። አባቴ ድንጋዩን ከነባትሪው ጋቢው ውስጥ ሸጉጦ ነው የሚዞረው፣ እኔ እዚህ ሆኜ እንቅልፍ አጣሁ። ይፈነዳል? ጥሩውንስ በምን ነው የምለየው?

ፖሊ ኤሌክትሪካል፦
9800 ሚሊአምፒር አወር የሚባል ነገር የለም ወንድሜ፣ ቁጥሩ ድንጋዩ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚይዝ ነው የሚናገረው። 18650 ማለት ውፍረቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊሜትር ማለት ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ዜሮ ክብ መሆኑን ነው የምታመለክተው። በዚያች ቆርቆሮ ውስጥ ከታወቁት ፋብሪካዎች የሚወጣው ጥሩው 3500 አካባቢ ነው የሚይዘው። ፓናሶኒክ ኤንሲአር18650ቢ 3400 ነው፣ ሳምሰንግ 35ኢ እና ኤልጂ ኤምጄ1 3500 ናቸው። ከዚያ ትንሽ ከፍ የሚሉ አሉ፣ ግን 5000ን እንኳ አያልሙትም። 5000 የሚይዘው 21700 የሚባለው ነው፣ እሱ ደግሞ ወፍራምና ረጅም ስለሆነ አንተ ባትሪ ውስጥ አይገባም።

መረጃውን ራስህ ሰጥተኸናል እኮ። ቻርጀርህ በሰዓት ከ500 በላይ አይሰጥም። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አረንጓዴ ካበራ ድንጋዩ የያዘው ቢበዛ 1000 ነው። እውነት 9800 ቢሆን ማታ 1 ሰዓት ሰክተኸው በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ነበር የሚሞላው። አቅሙ ውሸት መሆኑ ለብቻው አደጋ ላይሆን ይችላል፣ እኔን ያሳሰበኝ ሙቀቱ ነው። ጤነኛ 18650 በ500 ሚሊአምፒር ሲሞላ ለብ ቢል ነው። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ወይ ድንጋዩ ተበላሽቷል ወይ ቻርጀሩ መቁረጥ አያውቅም። ዛሬውኑ ለአባትህ ደውልና እንዳይሰካው ንገረው።

ጥገና ቤት፦
ፖሊ ያለው ልክ ነው። እንደዚህ ዓይነቱን ቀድጄ አይቻለሁ፣ ጉድ ነው። ላዩ ሰማያዊ ፕላስቲክ፣ ከስሩ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ደግሞ የጣት የምታክል ትንሽ ሴል (ዋናዋ ድንጋይ) በሁለት ሽቦ ተበይዳ ቁጭ ብላለች። ባዶው ቦታ በነጭ ዱቄት ተሞልቷል፣ እንዳይቀለል መሆኑ ነው። (እናንተ ግን ቤት ውስጥ እንዳትቀዱ፣ መቁረጫው ሁለቱን ጫፍ ካገናኘ እሳት ነው።)

ሳትቀድ ለማወቅ ሚዛን ላይ አስቀምጠው። ወርቅ ቤት ብትለምናቸው ይመዝኑልሃል። እውነተኛው ከ44 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። 30 ምናምን ካለህ ጣለው። 45 ቢልም ግን ኦሪጂናል ነው ማለት አይደለም፣ ዱቄቱን እንዳትረሳ። ሚዛን መጥፎውን ያጋልጣል እንጂ ለጥሩው አይመሰክርም።

ቻርጀሩን ደግሞ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለካው። አረንጓዴ እንዳበራ ድንጋዩን አውጥተህ ወዲያው ብትለካ 4.2 አካባቢ ማሳየት አለበት። 4.25ን ካለፈ ቻርጀሩን ለማንም እንዳትሰጥ፣ ሰብረህ ጣለው።

እኔ የምመክርህ፣ የተበላሸ የላፕቶፕ ባትሪ ካገኘህ ውስጡ ስድስት ያህል 18650 አለ። ብዙ ጊዜ የሚሞቱት አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው፣ የቀሩት ሳምሰንግና ኤልጂ ኦሪጂናል ናቸው። አምጣልኝና መርጬ ልስጥህ።

ፖሊ ኤሌክትሪካል፦
ጥገና ቤት፣ እዚህ ላይ አልስማማም። አንተ ቴስተር አለህ፣ ከ2.5 ቮልት በታች የወረደውን ታውቀዋለህ፣ ለአንተ ይሠራል። የላፕቶፕ ሴል ግን መከላከያው ያለው በባትሪው ሰርኪት ላይ ነው፣ ስትነቅለው እርቃኑን ነው የሚቀረው። አባትየው ብርሃኑ እስኪጠፋ ድረስ ያበሩታል፣ ርካሽ የእጅ ባትሪ ደግሞ አይቆርጥም። ሴሉ ከልኩ በታች ይወርዳል፣ በማግስቱ እንደገና ይሰካል፣ ውስጡ መበላሸት የሚጀምረው ያኔ ነው።

መግዛት ያለበት መከላከያ ያለውን ነው። ከስሩ በኔጌቲቩ በኩል ሳንቲም የምታክል ሰርኪት ትኖራለች፤ ከመጠን በላይ ሲሞላ፣ ከልክ በላይ ሲወርድና ሾርት ሲሆን (ሁለቱ ጫፍ በቀጥታ ሲገናኝ) ትቆርጣለች። አንድ ሌላ ነገር፦ ሳምሰንግና ኤልጂ ፍሬ ሴል ለግለሰብ አንሸጥም፣ ለፋብሪካ ነው የምንሠራው ብለው በግልጽ ይናገራሉ። ስለዚህ ሱቅ ላይ «ሳምሰንግ ኦሪጂናል» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምንም አያስይዝህም። እንደ ናይትኮር፣ ፌኒክስና ኦላይት ያሉ የእጅ ባትሪ ሠሪዎች በራሳቸው ስም የሚያወጡት ለእንደኛ ዓይነት ሰው የታሰበ ነው፣ ውድ ቢሆንም።

ጥገና ቤት፦
ውድነቱን አንተ ክፈልለትና እስማማለሁ 😄 ግን እሺ፣ ለሽማግሌ ከሆነ ልክ ነህ። ለራሴ የላፕቶፑን አልተውም።

የጀልባ ሰው፦
እኔ ሌሊት ሐይቁ ላይ ነው የምሠራው፣ ከባትሪ ጋር ነው ኑሮዬ። ማንም ያላነሳው አለ፦ መከላከያ ያለው ድንጋይ ይረዝማል። 65 መሆኑ ይቀርና 68፣ 69፣ አንዳንዱ 70 ይደርሳል። ክዳኑ አልዘጋ ካለህ በግድ አታጥብቀው፣ ያቺ ሰርኪት ትሰበራለች። ከመግዛትህ በፊት ባትሪዋን ይዘህ ሂድና ሱቁ ላይ ሞክረው። ፖዘቲቩ አናት ላይ እብጠት ያለውና ጠፍጣፋ የሆነውም ይለያያል፣ ጠፍጣፋው አንዳንድ ባትሪ ላይ አይነካም።

ሽፋኑን እይ። የ18650 ቆርቆሮው በሙሉ ኔጌቲቭ ነው፣ ፖዘቲቩ አናቱ ላይ ያለችው ብቻ ናት። አናቱ ጋ ፕላስቲኩ ትንሽ ከተቀደደ ሾርት ለመሆን አንድ ቁልፍ ይበቃዋል። ስለዚህ ትርፍ ድንጋይ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ኪስ ውስጥ አይያዝም። አባትህ ጤነኛ ድንጋይ ባትሪዋ ውስጥ እንዳለ ጋቢ ውስጥ መያዛቸው ችግር የለውም፣ በስህተት እንዳትበራ ብቻ ክዳኗን ሩብ ዙር ፈታ ያድርጓት።

ውሃ የገባበትን ደግሞ አድርቄ ልሙላው አትበል። አናቱ ዙሪያ ዝገት ካየህ ወይም ደስ የሚል የኬሚካል ሽታ ከሸተተህ በቃ፣ አለቀለት።

ሽምብጥ፦
እኔ የምለው፣ ለምን ይጨናነቃል ልጁ? እንደዚያ ዓይነት ባትሪዎች እኮ ብዙ ጊዜ ሦስት ትንንሽ ድንጋይ የምትይዝ ጥቁር ፕላስቲክ አብራቸው ትመጣለች። እናቴ በሷ ነው የምትጠቀመው። የሪሞት ድንጋይ የትም ኪዮስክ ይገኛል፣ አይሞላ፣ አይሰካ፣ መብራት ጠፋ ብለህ አትጨነቅ።

የዘጌ ልጅ፦
አዎ አለች! ካርቶኑ ውስጥ ነበረች፣ ምን እንደሆነች አላወቅንም ነበር። ለአባቴ ደውዬ ቻርጀሩን እንዲተወው ነግሬዋለሁ፣ ለጊዜው በሦስቱ ይቆያል። ብርሃኑ ይቀንሳል?

ፖሊ ኤሌክትሪካል፦
ሽምብጥ ከሁላችንም በለጠችን። ሦስቱ 4.5 ቮልት ነው፣ ለባትሪዋ ምንም አይላትም። መጀመሪያ ላይ ብርሃኑ ያው ነው፣ ግን ቶሎ ይደክማል፤ የሚሞላውን ያህል አይቆይም። አሮጌና አዲስ አታደባልቁ። አሮጌውን 18650 ደግሞ ምድጃ አጠገብ እንዳታስቀምጡት፣ ከቆሻሻ ጋርም እንዳይቃጠል። ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር ሸፍነህ ለጥገና ቤት አድርስለት፣ እሱ የሚያደርገውን ያውቃል።

አዲሱን ስትገዛ ቻርጀሩንም አብረህ ቀይር። ሲሞላ ሲሚንቶ ወለል ላይ ወይም ሰሃን ላይ ይሁን፣ አልጋና ሣር ቤት ውስጥ አይሁን፣ ተኝተውም አይሰካ። ፀሐይ የበላው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ እኩለ ቀን ላይ አትሙሉት፣ ከ45 ዲግሪ በላይ መሙላት አይፈቀድም። ጭስ ካወጣ ወደ ደጅ መወርወር ከተቻለ መወርወር፣ ካልተቻለ ሰው ማውጣት። ብዙ ውሃ ያበርደዋል። ጭሱ መርዝ ነው፣ እንዳይተነፍሱት።

የዘጌ ልጅ፦
ተባረኩ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የአጎቴ ልጅ ከውጭ ሊመጣ ነው፣ መከላከያ ያለውን ሁለት ፍሬ አምጣልኝ ልበለው? አውሮፕላን ላይ ይፈቀዳል?

የጀልባ ሰው፦
ይፈቀዳል፣ ግን በእጅ ሻንጣ ብቻ። ትርፍ ሊትየም ድንጋይ ከታች በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክልክል ነው። ልኩ 100 ዋት አወር (ቮልቱ በአምፒር አወሩ ተባዝቶ) ነው፣ የአንተ አንዱ 13 እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ በዚያ አይያዝም። እያንዳንዱን በፕላስቲክ መያዣው ውስጥ ያድርግ፣ መያዣ ከሌለው ጫፎቹን በፕላስተር ይሸፍናቸው። የባትሪዋን የውስጥ ርዝመት አሁኑኑ ለክተህ ላክለት፣ 70 የሚረዝም አምጥቶ ክዳኑ አልዘጋ ቢል ማንም አይመልስልህም።