የ19 ዓመት ልጅ እንቅልፍ አጥቶ ብቻውን ያወራል፤ ከሐይቅ ከተማ የት እንውሰደው?

ዘሐይቅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአክስቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ስድስት ሳምንት ሆነው፤ ሌሊት ከሁለት ሰዓት በላይ አይተኛም፣ በሩን ዘግቶ ብቻውን ያወራል፣ ምግቡን «መርዝ አለበት» ይላል። ሰው አልነካም። ግማሹ ቤተሰብ ጸበል ይግባ፣ ግማሹ አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ይሂድ ይላል። ለአማኑኤሉ ገንዘብ የሚገኘው ግን እህሉ ተወቅቶ ሲሸጥ ነው። እስከዚያ መቆየቱ ይጎዳዋል?

የሳይካትሪ ነርስ፦
አዎ፣ ይጎዳዋል። እንዲህ ያለ ሕመም ሳይታከም በቆየ ቁጥር ለመድኃኒት ያለው ምላሽ ይዘገያል፣ ወደ ትምህርት መመለሱም ይከብዳል። ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይተው የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ እናንተ ገና በጊዜ ናችሁ፣ ይህን ዕድል አታሳልፉት።

አማኑኤል ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ ከእናንተ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ ግን በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂዱ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ፣ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል የሚልክበት የሪፈር ወረቀት ሳትይዙ ስትገቡ ወጪው ወይም ከፊሉ ከኪስ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ወባ፣ የሚጥል በሽታና የጭንቅላት ጉዳት ተመሳሳይ ምልክት ሊያመጡ ስለሚችሉ መታየት አለባቸው። ትኩሳት ካለው ወይም ያለበትን ቦታና ቀኑን ካላወቀ ቀጠሮ አያስፈልገውም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

አብሮት የሚሄደው ሌሊት አብሮት የሚያድር ሰው ይሁን። ታካሚ ባለሙያ ፊት ለአሥር ደቂቃ ደህና ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል፤ ያኔ «እንቅልፍ አጥቶ ነው» ተብሎ በማስተኛ ክኒን ብቻ ይመለሳል። ስለዚህ ከየትኛው ሳምንት እንደጀመረው፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ጫትና ሐሺሽ ይጠቀም እንደሆነ፣ በዘመድ ተመሳሳይ ሕመም መኖሩን ጽፋችሁ ያዙ። ጫቱን አትደብቁለት፤ ሕመሙን ያባብሳል፣ ሕክምናውንም ይለውጠዋል።

ከመድኃኒት ቤት፦
ለእንዲህ ያለ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል የተባለው መድኃኒት ከታዘዘለት አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገት ሊጣመም፣ ዓይን ወደ ላይ ሊቀር፣ ምላስ ሊተሳሰር ይችላል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ደንግጦ «መርዝ ሰጡት» ብሎ መድኃኒቱን ይጥላል። የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ቶሎ ጤና ተቋም ስትወስዱት በመርፌ ወይም እንደ ቤንዝሄክሶል ባለ ክኒን ይፈታል፣ መጠኑም ይስተካከላል።

ሁለተኛው ችግር የሚመጣው ሲሻለው ነው። ተሻለኝ ብሎ ያቋረጠ ብዙ ጊዜ ይመለስበታል። ከተሻለው በኋላም ቢያንስ 12 ወር ይቀጥላል፣ የሚያቆመውም ሐኪሙ ነው። ክኒን መዋጥ ካስቸገረው በየአራት ሳምንቱ ገደማ የሚወጋ ፍሉፌናዚን አለ፤ ጠይቁ።

አስታማሚ፦
ጸበልና ሕክምና አይጣሉም። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ዱዓ የሚደረግለትም ቢሆን ያው ነው። አደጋው «መድኃኒቱን ትተህ ግባ» ሲባልና ልጁ ሲታሰር ነው፤ ሰንሰለት እጅ ያቆስላል፣ ጥርጣሬውንም ያጠነክራል። የሚጾም ከሆነ የክኒኑን ሰዓት ወደ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አትዝለሉ።

ዘሐይቅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «አልታመምኩም፣ አልሄድም» ቢልስ?

የሳይካትሪ ነርስ፦
«አብደሃል» አትበሉት፤ ስለ መርዙም አትከራከሩት፣ አዎም አትበሉት። እሱንም የሚያስጨንቀውን ያዙ፦ «እንቅልፍ አጥተህ ደክመሃል፣ ለእንቅልፍህ እንታይ»። የሚያምነው አንድ ሰው ብቻ ያናግረው፤ አምስት ዘመድ ከከበበው ይሸሻል። ምግቡን ከአንድ ትሪ አብራችሁት ብሉ።

«ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁም በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። አዎ ካለ ብቻውን አይደር፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ። የሚለውን ሳትጠብቁ ግን ለማሳ የገዛችሁትን የተባይ መድኃኒትና የአይጥ መርዝ ዛሬውኑ ከቤት አውጥታችሁ ጎረቤት ዘንድ ቆልፉበት።