የተለያዩ ራሞችን አብሮ መሰካት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ ራሴ የገጣጠምኩት ኮምፒውተር 8 ጊጋባይት ዲዲአር4 (የራም ትውልድ መጠሪያ ነው) ራም አለው፤ ፍጥነቱ 2666 ነው። ሂርማታ አካባቢ ካለ ሱቅ ያገኘሁት ግን የሌላ አምራች፣ 4 ጊጋባይትና ፍጥነቱ 3200 የሆነ ነው። ሁለቱን አብሬ ብሰካቸው ችግር ይፈጠራል?

መልስ፦ ሁለቱም ዲዲአር4 እስከሆኑ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራሉ፤ ነገር ግን ፈጣኑ በዘገምተኛው ልክ ስለሚወርድ ሁለቱም ቢበዛ በ2666 ይሄዳሉ። የመጠናቸው መለያየትም አያስፈራም፤ ብዙ ማዘርቦርዶች ከእያንዳንዱ ራም 4 ጊጋባይቱን በዱዋል ቻናል፣ ማለትም በሁለት መስመር በአንድ ጊዜ፣ አሠርተው የቀረውን 4 ጊጋባይት በነጠላ መስመር ይጠቀሙበታል። ኤክስኤምፒ (ራሙን ከመደበኛው በላይ በሆነ ፍጥነት የሚያሠራው ቅንብር) በርቶ ከሆነ ከባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ያጥፉት፤ አንዱ ራም የሚችለውን ፍጥነትና ቮልቴጅ ሌላው ላይችለው ይችላልና። የዋጋው ልዩነት የማይከብድዎት ከሆነ ግን እኔ በበኩሌ 8 ጊጋባይት፣ 2666 የሆነውን እመርጥ ነበር።

ሌላ መልስ፦ በተባለው እስማማለሁ። ከመክፈልዎ በፊት ግን ራሙ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ፒሲ4 የሚል ከሆነ ዲዲአር4 ነው፣ ፒሲ3 ከሆነ ግን ዲዲአር3 በመሆኑ የግርጌው ክፍተት ቦታ ስለሚለያይ አይገባም፤ በጉልበት ለማስገባትም አይሞክሩ። ከሰኩት በኋላ ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም በፍላሽ አስነስተው መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት ለረጅም ጊዜ ይፈትሹት። ስህተት ካሳየ እያንዳንዱን ራም ለየብቻ ይፈትሹ፤ ለየብቻ ሲሆኑ ደህና ሆነው አብረው ሲሰኩ ብቻ ስህተት የሚያወጡ ከሆነ አልተጣጣሙም ማለት ነው።

ጠያቂው፦ ከልብ አመሰግናለሁ። ሱቁ ኮምፒውተሬ ላይ ሰክቼ እንድፈትሸው ከፈቀደልኝ ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።