«ኮምፕሬሄንሲቭ» ሲሏችሁ የደሴው አይምሰላችሁ

ጥያቄ (ከደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ለንደን ዳር ላይ ነው የሚኖረው። ቪዛችን ስለወጣ እኔና ልጄ በቅርቡ እንሄዳለን። ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ 8ኛ ክፍል ይማራል። ከቤታችን አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት «ኮምፕሬሄንሲቭ» ነው አሉን። ሳይፈትን ሁሉንም ይቀበላል ሲሉኝ ሆዴ ፈራ። ደካማ ልጅ የሚጣልበት ይሆን እንዴ?

መልስ፦
አብሽሪ እህቴ! እኔም ደሴ ነው ያደግሁት። ቃሉን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የደሴው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ነው፤ በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመው። እኛ ዘንድ ኮምፕሬሄንሲቭ ማለት ከቀለሙ ጎን የእጅ ሙያውም ያለበት ማለት ነበር። ታይፕ፣ እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት፣ የቤት ባልትና፣ ሁሉም በአንድ ግቢ።

እዚህ እንግሊዝ ግን ቃሉ የሚናገረው ስለ ልጆቹ ነው፤ ሳይፈትን ሁሉንም የሚቀበል ማለት ነው። ከ1944ቱ (በፈረንጆች) የትምህርት ሕግ በኋላ ልጅ በ11 ዓመቱ ይፈተን ነበር። ያለፈው ግራመር ስኩል ወደሚባለው፣ በፈተና መርጦ ወደሚቀበለው ትምህርት ቤት ይገባል፣ የቀረው ወደ ሌላ ይላካል። አስቢው፣ በ11 ዓመት ዕድል ሲቆረጥ! ብዙ ወላጅ በዚህ አዘነ። በ1954 ደቡብ ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ኪድብሩክ የተባለ ትልቅ የሴቶች ኮምፕሬሄንሲቭ ተከፈተ። በ1965 ደግሞ የሌበር ፓርቲ መንግሥት የየአካባቢው አስተዳደር ሁሉ ልጆችን በፈተና መለየት እንዲተው ጠየቀ። ዛሬ ግራመር ስኩል በጥቂት ቦታ ብቻ ነው የቀረው። የሐኪሙም የሾፌሩም ልጅ አንድ ክፍል ይቀመጣል። ስለዚህ ሁሉን መቀበሉ ክብሩ ነው።

ልጄ የምትማርበት ኮምፕሬሄንሲቭ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለአዲስ ሰፈር የተሠራ ነው። ከተማ ዳር ስለሆነ መሬት አልጠበበውም። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ማታ ማታ የሰፈሩ ሰው ተከራይቶ ኳስ ይጫወትበታል። ቤተ ሙከራ አለ፣ የድራማ አዳራሽ አለ፣ ምግብ ማብሰያ ክፍል አለ። እኔን ያስደነቀኝ ዎርክሾፑ ነው። የእንጨቱ ሽታ ወደ ደሴ መለሰኝ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። እዚህ ልጅ የሚመደበው በዕድሜው እንጂ በጨረሰው ክፍል አይደለም። 14 የሞላው ልጅ እንደ ልደት ወሩ ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ዓመት ይገባል። ትልቁ ፈተና፣ ጂሲኤስኢ፣ በ16 ዓመቱ ነው። ጊዜው አጭር ነው። ስለዚህ እንደደረሳችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ፣ በዓመቱ መሐል ለሚገባ ልጅ እንዴት እንደሚመዘገብ የአካባቢያችሁን ካውንስል (አስተዳደር) ጠይቁ። የልደት ሰርተፊኬቱንና የክፍል ውጤቱን ደሴ ሳለሽ በእንግሊዝኛ አስተርጉሚ። እንግሊዝኛው ቢከብደው ድጋፍ እንዲሰጡት ጠይቂ፣ አትፈሪ።

ጠያቂዋ፦
አላህ ይስጥልኝ ወንድሜ፣ እፎይ አልኩ። አባቴ ወይዘሮ ስሂን እንጨት ሥራ ተምሯል፤ ልጄም እጁ ወደ አያቱ ያደላል። ዎርክሾፑን መምረጥ ይችላል?

መልስ፦
ይችላል። ዲዛይን ኤንድ ቴክኖሎጂ በሚል ስም ነው የሚሰጠው። ግን ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ አሥረኛ ዓመት ሳይጀመር ያልቃል። ስትመዘግቢው እዚያው ቦታ እንዳለ ጠይቂ። የሠራው ነገር ካለ ደግሞ ፎቶ አንሥታችሁ ይዛችሁ ኑ።