«አውትፕሌይ» ማሸነፍ ነው ወይስ መብለጥ?

የፒያሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጎንደር ነኝ። ትናንት ማታ ፒያሳ ዲኤስቲቪ ቤት ኳስ እያየን የእንግሊዝኛው ኮሜንታተር «አውትፕሌይድ» የምትል ቃል ደጋገማት። ጓደኛዬ «አሸነፉ ማለት ነው» አለኝ። ቀና ብዬ ውጤቱን ሳየው የሚያሞካሸው ቡድን 1 ለ 0 እየተመራ ነው! እየተመራ ያለ ቡድን እንዴት አሸነፈ ይባላል? ደግሞ «ዊ አውትፕሌይድ ፍሮም ዜም» ብዬ ጻፍኩ፣ ልክ ነው? ፈተና ስላለብኝ በደንብ አስረዱኝ።

የማራኪዋ፦
ወንድሜ፣ ጓደኛህ ተሳስቷል። ቃሏ የምታወራው ስለ አጨዋወት እንጂ ስለ ውጤት አይደለም። የኛ ጋዜጠኞች «የጨዋታ ብልጫ ወሰደ» የሚሉት ቁርጥ እሱ ነው። በ2004 ዓ.ም. የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ባየርን ሙኒክ በገዛ ሜዳው 20 ኮርና ሲያገኝ ቼልሲ ያገኘው 1 ብቻ ነበር፣ ያቺኑ አንዷን ድሮግባ በ88ኛው ደቂቃ በጭንቅላቱ አገባትና አቻ ሆኑ፣ ከዚያ ቼልሲ በመለያ ምት ዋንጫውን ወሰደ። እኔ የቼልሲ ደጋፊ ነኝ፣ ግን በጨዋታ ባየርን በልጦናል። «አውትፕሌይ» ያደረገው ባየርን፣ ያሸነፈው ቼልሲ።

መምህር ከአዘዞ፦
እህታችን በደንብ አስረድታለች። አንተ ደግሞ «ፍሮም»ን አውጣት። ተማሪዎቼም የሚስቱት እዚችው ላይ ነው፤ አማርኛችን «ከእሱ በለጠ» ስለሚል «ከ»ን ይዘናት እንሻገራለን። «በለጥናቸው» ብለህ አስብ፣ ያኔ «ዊ አውትፕሌይድ ዜም» ይመጣልሃል። የተበለጠውን ሳትጠራም አታቁም፣ ሰሚው «ማንን?» ይልሃል።
አንድ ልጨምር። እኛ ዋንጫውንም ተጋጣሚውንም «አሸነፈ» እንላለን። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል። ፋሲል ከነማ በ2013 ሊጉን ሲወስድ፣ ለሊጉ «ዊን» ነው፣ ለተጋጣሚዎቹ «ቢት»። «አውትፕሌይ»ም ለተጋጣሚ ነው፣ ዋንጫን «አውትፕሌይ» ማድረግ የሚባል ነገር የለም። ይቺ «አውት» ብዙ ግስ ፊት እየገባች «በለጠ»ን ታመጣለች። «ረን» ሮጠ ነው፣ «አውትረን» በሩጫ በለጠ። ኃይሌ በ1993 መስከረም ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በመጨረሻዋ ሜትር በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድመው ያየ ሰው ይቺን ቃል አይረሳትም። ኃላፊ ጊዜው ግን «አውትራን» ነው፣ የ«ረን»ን መንገድ ይከተላል።

የፒያሳ ልጅ፦
መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ አንቺም እህቴ ተባረኪ። አንድ ብቻ ልጠይቅ፣ የተሸነፈው አሰልጣኝ ከጨዋታው በኋላ «ዊ ወር አውትፕሌይድ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

የማራኪዋ፦
«ተበልጠናል» ማለቱ ነው። ዳኛውንም ዕድልንም አያማርርም፣ ተጋጣሚያችን ከኛ የተሻለ ተጫውቷል እያለ ነው። ፈተናህ ላይ «ወር» ካየህ ብልጫ የተወሰደበት ማን እንደሆነ ቶሎ ለይ፣ ትርጉሙ የሚገለበጠው እዚያ ጋ ነው።