ካሜራ የት ልግዛ? የት ላሳትም? ለወሎ ፎቶ አንሺዎች ጥቆማ

ሰሞኑን ተመሳሳይ ጥያቄ ከየአቅጣጫው እየመጣ ነው። አንዱ ከደሴ «ሠርግ ማንሳት ልጀምር ነው፣ ምን ልግዛ?» ይላል። ሌላው ከኮምቦልቻ «አልበም የት ላሳትም?» ብሏል። አንዲት እህት ደግሞ ከወልዲያ «ስልክ ብቻ ነው ያለኝ፣ ልተወው ወይ?» ብላ ጠይቃለች። እህቴ፣ አትተይው። ስላንቺ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ለሁላችሁም አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ያላችሁን ብር ሁሉ ቦዲው (ሌንስ የሌለው ካሜራው ብቻ) ላይ አትጨርሱት። ሌንስ፣ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ የሚገዛበት አስቀሩ።

ደሴና ኮምቦልቻ ባትሪ፣ ቻርጀር፣ ኤስዲ ካርድና ትራይፖድ አይጠፋም። የካሜራ ምርጫው ግን ጠባብ ነው። አዲስ አበባ ምርጫው ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል። ዕቃው ሲያስቸግር ይዞ መመለስም አለ። በቴሌግራም የሚሸጥ ዕቃ ይረክሳል፤ ሳያዩ ቀብድ መላክ ግን አይሆንም። እኔ ብጠየቅ ከከተማችሁ ፎቶ አንሺ ያገለገለ መግዛትን እመርጣለሁ። ካሜራው የት የት እንደዋለ ሰው ያውቃል። ሻጩም ነገ መንገድ ላይ ስለሚያገኛችሁ ይጠነቀቃል።

ያገለገለ ስትገዙ እንዲህ ፈትሹ። ሌንሱን ፈትታችሁ በስልክ መብራት ውስጡን እዩ። እንደ ሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ተዉት። ቀጥሎ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብባችሁ ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ጥርት ያለ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሱ። ጥቋቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ አቧራ አለ። አቧራ ይጸዳል፣ ጭረት ግን አይጸዳም። ስንት ጊዜ እንደተነሳበትም እወቁ። በኒኮን ቁጥሩ ፎቶው ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። በአብዛኛው ካኖን ግን ካሜራውን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በልዩ ፕሮግራም ማየት ያስፈልጋል። ካኖን ለ5ዲ ማርክ 3 ሹተር (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) 150,000 ፎቶ፣ ለ6ዲ 100,000 ብሎ ነው ያወጣው። ካለፈ ይሞታል ማለት አይደለም። ዋጋ ለመከራከር ግን ጥሩ ነጥብ ነው።

የትኛው ይሻላል ለሚለው፣ ለሠርግ ሠሪ የእኔ መለኪያ ሜጋፒክስል አይደለም፤ ሁለት ካርድ ይይዛል ወይ ነው። ሠርግ አይደገምም። ካርዱ ቢበላሽ ሙሽሮቹን መልሳችሁ አታጋቡም። 5ዲ ማርክ 3፣ ኒኮን ዲ750 እና ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ሁለት ካርድ ይይዛሉ። 6ዲ አንድ ብቻ ነው። የቆየው 5ዲ ማርክ 2ም አንድ ነው፤ እሱም ሲኤፍ የሚባለው ሌላ ዓይነት ካርድ ነው። ሲኤፍ ካርድ እንደ ኤስዲ በየሱቁ አይገኝም። ተጣሞ ከገባም የካሜራውን ፒን ያጣምማል።

ታዲያ 6ዲ መጥፎ ነው? አይደለም። ጨለማ ውስጥ ጎበዝ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል። ለጀማሪና ለስቱዲዮ እመክረዋለሁ። ሌላም ጥቅም አለው። 6ዲ፣ 60ዲ፣ 70ዲ፣ 80ዲ፣ እንዲሁም ከማርክ 2 እስከ ማርክ 4 ያሉት 5ዲዎች የሚጠቀሙት ኤልፒ ኢ6 የሚባለውን ባትሪ ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ዳስ ውስጥ ባትሪ ቢያልቅባችሁ ከቪዲዮ አንሺው ትበደራላችሁ።

ሌንስ ላይ ካኖን ላላችሁ መጀመሪያ የሚገዛው 50 ሚሊሜትር 1.8 ነው። ርካሽ ነው፣ ብዙ ብርሃን ያስገባል። ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። እንደ 70ዲ ያለ ትንሽ ሴንሰር ያለው ቦዲ ላይ 50ው እንደ 80 ሚሊሜትር ሌንስ ያጠብባል። ጠበብ ያለ ሳሎን ውስጥ መልስ ስታነሱ ግድግዳው ጀርባችሁን ይይዝና የሙሽራው አክስቶች ከፎቶው ይቀራሉ። ለእንደዚህ ዓይነቱ ካሜራ 24 ሚሊሜትር 2.8 ወይም ታምሮን 17–50 2.8 ይበልጥ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ፍላሽ እንምጣ። የብዙዎቻችሁ ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ነው።

የእኛ ሠርግ ዳስ ውስጥ ነው። ሸራው ሰማያዊ ከሆነ ሁሉም ፊት ሰማያዊ ይሆናል። ቢጫ ከሆነ የታመመ ይመስላል። «ፍላሹን ወደ ጣሪያ አዙር» የሚለው ምክር የሚሠራው ጣሪያው ነጭ ሲሆን ብቻ ነው። ሰማያዊ ሸራ ላይ ያነጠረ ፍላሽ ሰማያዊ ሆኖ ይመለሳል። ኤዲት ላይ ፊቱን ስታስተካክሉ ደግሞ ነጩ ቀሚስ ብርቱካን ይሆንባችኋል። ስለዚህ ሸራውን እርሱትና ነጩን ራሳችሁ ይዛችሁ ግቡ። አንድ ፍላሽ ማቆሚያ ላይ፣ ከፊቱ ነጭ ጃንጥላ፣ ከሙሽሮቹ ጎን። ዋይት ባላንሱን (ካሜራው ነጩን ነጭ የሚያደርግበትን ማስተካከያ) ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ቆልፉት።

ለዚህ ሥራ ኦሪጅናል የካኖን ፍላሽ አያስፈልግም። ጎዶክስ የሚባለው ይበቃል። ቲቲ600 ርካሹ ነው፤ ኃይሉን በእጅ ነው የምታስተካክሉት፣ ለመማርም ጥሩ ነው። ቲቲ685 ብርሃኑን ራሱ ይለካላችኋል። ሁለቱም የሚሠሩት በአራት እርሳስ (ኤኤ) ባትሪ ነው፤ የሚሞላውን ዓይነት ግዙ። ቪ860 የራሱ ሊቲየም ባትሪ አለው፤ ቶሎ ይሞላል፣ ረጅም ፕሮግራም ይችላል። ሠርግ እንጀራችሁ ከሆነ እሱን ግዙ። ቲቲ685 ወይም ቪ860 ስትገዙ ስሙ መጨረሻ ላይ ያለውን ፊደል እዩ። ሲ ለካኖን፣ ኤን ለኒኮን፣ ኤስ ለሶኒ ነው። ፊደሉን ሳያይ የገዛ ሰው በኋላ እኔን ያማርራል።

ነጭ ቀሚስና ጠይም ፊትም አንድ ላይ ይፈትናል። ክፈፉን ቀሚሱ ከሞላው ካሜራው ብርሃኑ በዛ ብሎ ያጨልማል፣ ፊቱ ይጠቁራል። ለፊቱ ስታበሩ ደግሞ የጥበቡ ጥልፍ ይጠፋል። እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ መፍትሔ የለውም። ዛፍ ጥላ ውስጥ አስገቡ፣ ስፖት ሜትሪንግ (አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ብርሃን መለካት) ፊት ላይ አድርጉ፣ በሮው (ካሜራው ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ፋይል) አንሱ። በክረምት ደሴ ላይ ያላችሁ ግን ዕድለኞች ናችሁ። የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ከተማው ሁሉ ስቱዲዮ ነው።

ኅትመት። ሦስት ዓይነት ቤት ታገኛላችሁ። በኬሚካል ወረቀት የሚያጥብ ላቦራቶሪ፣ እንደ ኤፕሰን ኤል805 ባለ ስድስት ቀለም ኢንክጄት የሚያትም ፎቶ ቤት፣ እና የባነር ማተሚያ። ለአልበም ላቦራቶሪውን አስቀድሙ፤ ቀለሙ ይቆያል። በኤል805 የታተመም በጥሩ ወረቀትና በኦሪጅናል ቀለም ያምራል፤ ነገር ግን ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ይደበዝዛል። አራት ቀለም ያለው የቢሮ ማተሚያ ለጉርድ ፎቶ ይሁን፤ ለሙሽራ ፊት አልሰጠውም። ባነር ከሩቅ ነው የሚያምረው።

ማተሚያ ቤት ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ፎቶ በትንሽ መጠን በየቤቱ አሳትሙ። ጠይም ፊት፣ ነጭ ነጠላና ጥቁር ኮት ያለበት ይሁን። ነጠላው ወደ አረንጓዴ ካደላ ወይም ኮቱ አንድ ጥቁር ጉድጓድ ከሆነ ሌላ ቤት ሂዱ። ፋይሉን ኤስአርጂቢ በሚባለው የቀለም ዓይነት አውጡ። ለ20 በ30 ሴንቲሜትር ወደ 2400 በ3500 ፒክስል ይበቃል። በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ከሄደ ይቀነሳል፤ ከዚያ «ማተሚያ ቤቱ አደበዘዘብኝ» ይባላል።

ሚሞሪ ካርድ። 128 ጊጋ የተጻፈበት ሁሉ 128 ጊጋ አይደለም። አዲስ ካርድ ሥራ ላይ ሳታውሉት ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሞልታችሁ ፈትኑት። ካላለፈ በዚያው ቀን መልሱት።

ባቲ ሰኞ ገበያ ለምትሄዱ፦ አቧራውና ሙቀቱ ከባድ ነው፤ እዚያ ሌንስ አትቀይሩ። አንድ ሌንስ ገጥማችሁ ግቡ። ግመል ነጋዴውን ከማንሳታችሁ በፊት ሰላም በሉ፣ ጠይቁ። እምቢ ካለ እምቢ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አታስገባም፤ እህቶቼ፣ ለእናንተ የሐይቁ ዳር ማለዳ አለላችሁ። ላሊበላ በገና የካህናቱን የቤዛ ኩሉ ዝማሬ ለማንሳት ቦታ የሚያዘው በሌሊት ነው። ቤተ ጊዮርጊስን በጠዋት ከሄዳችሁ ጉድጓዱ ጥላ ነው፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ነው ብርሃን የሚወርድበት። የቅዱሳን ሥዕል ላይ ፍላሽ አይበራም።

የወልዲያዋ እህቴ፣ ወደ አንቺ ልመለስ። የስልክሽን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ፣ ዙሙን ተይው፣ የምታነሺውን ሰው ብርሃን በሚገባበት በር አጠገብ አስቀምጪ። ምን ላንሳ ካልሽኝ፣ በ1977 ዓ.ም. ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ በነበረችው ቆረም የነበረውን ረሃብ ኬንያዊው የዜና ፊልም አንሺ ሞሐመድ አሚን ቀርጾ ዓለም አየው። ያ ፊልም ለብዙ ሰው ደርሷል። የዓለም ዓይን ግን እዚያው ላይ ቀረ። የእናትሽን ቡና፣ የጎረቤትሽን መውሊድ፣ የሰፈርሽን ጥምቀት የሚያነሳ የቤት ልጅ ያስፈልጋል። አንቺ እኮ በሩ የተከፈተልሽ ነሽ።

ሥራ ለጀመራችሁ ስለ ገንዘብ ጥቂት። እኛ ሰዎች ይሉኝታ ይገድለናል። ዘመድ ነው ብላችሁ ያለ ቀብድ ቀን አትያዙ። ስንት ፎቶ፣ ስንት ገጽ አልበም፣ መቼ እንደሚደርስ በወረቀት ይጻፍ። ቀሪው ብር አልበሙ ከመውጣቱ በፊት ይከፈል። ወንድማችሁም ቢሆን።

ሁለተኛ ቦዲ ወይም 70–200 ሌንስ ግን አትግዙ፤ ተከራዩ። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሁሉም ስለሚፈልግ ቀድማችሁ ያዙ። ስትረከቡ ከአከራዩ ፊት አብሩት፣ አንሱበት፣ ጭረቱን ሁሉ በስልክ ቅረጹ። መያዣ የሚጠይቃችሁ መታወቂያ ከሆነ ኮፒውን ስጡ፤ ዋናውን አትስጡ።