ከአባት ቀብር በኋላ የመጣ ልጅ፦ የውርስ ይርጋ ማንን ይጠብቃል?

የጉለሌ ልጅ፦
ጥያቄውን ላቅርብ። አባት ቤት፣ የአክሲዮን ድርሻና የባንክ ገንዘብ ትቶ ያርፋል። ሚስትና አራት ልጆች የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው ንብረቱን በስማቸው ያዛውራሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከሌላ እናት የተወለደ፣ አባትየው በድብቅ ሲያስተምረው የኖረ ልጅ ይመጣል። ቤተሰቡ «ይርጋ አልፏል»፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው አብቅቷል ይለዋል፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1000 የውርስ ጥያቄን በ3 ዓመት ስለሚዘጋ። እኔ ይህ ይርጋ በተደበቁ ልጆች ላይ መነሳት አለበት ባይ ነኝ። የደበቀ ሰው በደበቀበት ጊዜ ልክ ማትረፍ የለበትም። እናንተስ?

የአራዳ ጠበቃ፦
ወንድሜ፣ ከመከራከራችን በፊት ሁለት ነገር እናስተካክል። አንደኛ፣ ሚስት በሕግ ወራሽ አይደለችም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 842 መሠረት ቀዳሚዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው፣ ድርሻቸውም እኩል ነው። ሚስት የምትወስደው በጋብቻ ከተፈራው የጋራ ሀብት የራሷን ግማሽ ነው። ንብረቱ 24 ሚሊዮን ብር ቢገመት 12ቱ የእሷ ነው፤ ውርስ የሚባለው የቀረው 12 ብቻ ነው። አራት ልጆች ሲሆኑ ለእያንዳንዱ 3 ሚሊዮን፣ አምስት ሲሆኑ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ይደርሳል። የእናትየዋ ድርሻ አይነካም። «ልጁ እናታችንን ከቤት ሊያስወጣት ነው» የሚለው ጩኸት ብዙ ጊዜ ከዚህ ስህተት ይመነጫል።

ሁለተኛ፣ 3 ዓመቱ የሚቆጠረው አባት ከሞተበት ቀን አይደለም። ከሳሹ መብት እንዳለውና ንብረቱን ሌላ ሰው እንደያዘበት፣ ሁለቱንም ካወቀበት ቀን ነው። ምንም ያላወቀ ልጅ በአምስተኛው ዓመት ቢመጣ 3 ዓመቱ አይዘጋበትም። የሚዘጋበት ያው ቁጥር 1000፣ አወቀም አላወቀ ብሎ ያስቀመጠው የ15 ዓመት ጣሪያ ነው።

የጉለሌ ልጅ፦
ስለ ሚስት ያረሙኝ ልክ ነው። «ካወቀበት ቀን» የሚለው ግን ችሎት ላይ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ምስክር ይቆምና «ልቅሶው ላይ ነበረ፣ ደረቱን ሲመታ አይቸዋለሁ» ይላል። በዚያች አንዲት ቃል ልጁ የአባቱን ሞትም፣ መብቱንም፣ ቤቱ በማን እጅ እንዳለም አውቋል ይባላል። ልቅሶ የደረሰ ሁሉ የቤት ካርታ አይቷል ማለት ነው?

አሥራት፦
እኔ በግልጽ እናገራለሁ። ዲቃላ አባቱ በሕይወት ሳለ ያልጠየቀውን ሲሞት መጠየቅ የለበትም። ሀብቱን ያፈሩት አባትና እናት አብረው ደክመው ነው።

ማኅሌት፦
ወንድም አሥራት፣ ያንን ቃል ተወው። የሕጉ ቁጥር 836 ወራሽ በጋብቻ ተወለደ ከጋብቻ ውጭ ለድርሻው ለውጥ እንደማያመጣ ከ60 ዓመት በፊት ደንግጓል። «በሕይወት ሳለ» ያልከውም አያስኬድም። ዝም ያሰኘው አባትየው ራሱ ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ የሚቆረጥበት ዝምታ ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ምን ብሎ ይክሰስ?

ይህን ስል ግን ይርጋው ይነሳ በሚለው አልስማማም። አራቱ ልጆችም ምስጢሩን ላያውቁ ይችላሉ። ድርሻቸውን ሸጠው፣ ነግደው፣ ልጅ አስተምረውበት ከ20 ዓመት በኋላ «መልሱ» ቢባሉ ከየት ያመጣሉ? ጣሪያ ያስፈልጋል።

ውርስ አጣሪ፦
ስለ ዓመት ስትከራከሩ ጥፋቱ የሚሠራበትን ቀን ረሳችሁት። ጥፋቱ የሚሠራው ማስረጃው በሚወጣበት ጧት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ክርክር የሌለበት የወራሽነት ማስረጃ የሚወጣው ከከተማው ፍርድ ቤት ነው። አመልካቾች የሞት ምስክር ወረቀትና ልጅነታቸውን የሚያሳይ ሰነድ ያያይዛሉ፤ ምስክሮቻቸው ቀርበው «ሟች ከእነዚህ ሌላ ልጅ የላቸውም» ይላሉ። ዳኛው የሚያየው የቀረበለትን ብቻ ነው። የተደበቀው ልጅ በዚያች ዐረፍተ ነገር ይጠፋል።

ከዚያ ቁጥር 997 ይመጣል። ማስረጃው እስካልተሰረዘ ድረስ የያዘው ሰው እንደ ወራሽ ይቆጠራል። ከእሱ ቤት የገዛ ሰው ሻጩ ወራሽ አለመሆኑን በእርግጥ ያውቅ እንደነበር ካልተረጋገጠ በቀር ሽያጩ አይፈርስም። ስለዚህ ቤቱ ከተሸጠ ልጁ የሚከሰው ገንዘቡን የተካፈሉትን ነው፤ በጠበቃው ስሌት ከእያንዳንዳቸው 600 ሺህ ብር። ገንዘብ ደግሞ ይበተናል፣ ወደ ውጭ ይወጣል፣ በዘመድ ስም ይቀመጣል።

ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉ ወሳኝ የሚሆነው። መጀመሪያ የልጅነት ማስረጃ ይሰብሰብ። ክስ ከቀረበ ወዲያው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 ቤቱ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ እግድ ይጠየቅ፤ ትእዛዙም ለይዞታ ጽሕፈት ቤቱ መድረሱ በእጅ ይረጋገጥ። መዝገብ ቤት ተቀምጦ የቀረ እግድ ቤት አላዳነም። በተሰጠው ማስረጃ ላይ በዚያው የሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 358 መቃወሚያ ይቀርባል። ድርሻ የሚጠየቀው በፍትሐ ብሔሩ ቁጥር 999 ነው። ብዙዎች ማስረጃውን ብቻ አሰርዘው ድርሻ ያገኙ ይመስላቸዋል፤ ያ ግማሽ መንገድ ነው።

ማኅሌት፦
የልጅነት ማስረጃ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው? አባትየው በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ስሙን አላስጻፈም እንበል።

ውርስ አጣሪ፦
በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 143 ፍርድ ቤት አባትነትን የሚያውጅባቸውን ምክንያቶች ዘርዝሯል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው እዚያ የክልሉን ማየት ነው። ከዝርዝሩ ሁለቱ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ይጠቅማሉ፦ አባትነቱን በማያሻማ ሁኔታ የሚያስረዳ የአባትየው ደብዳቤ ወይም ጽሑፍ፣ ሌላው በአባትነቱ በልጁ አስተዳደግና ትምህርት መሳተፉ።

ይህ በሰነድ ሲታይ ትንሽ ነገር ነው። የሦስተኛ ክፍል ሰርተፍኬት ጀርባ ላይ «የወላጅ ፊርማ» በሚለው መስመር የሟች ፊርማ አለ፤ ያው ፊርማ በባንክ የፊርማ ናሙና ካርዱ ላይ አለ። ሁለቱ በባለሙያ ይመረመራሉ። የክፍያ ደረሰኝ ብቻውን ግን ደካማ ነው፤ «ለዘመድ ልጅ በጎ አድራጎት ነው» ይባላል። ደረሰኙ ከፊርማው፣ ከክርስትና ካርዱና ልጁን «ልጄ» ሲል ከሰሙ ሰዎች ጋር ሲቆም ነው የሚጠነክረው።

ቤተ ሙከራ፦
ዲኤንኤ ይታዘዝና ይለቅ የሚሉ እንደሚመጡ ስለማውቅ ወሰኑን ልናገር። አባት ከሞተ በኋላ የሚነጻጸረው ከወንድምና ከእህት ጋር ነው። በአባት ብቻ የሚገናኙ ወንድማማቾች የሚጋሩት በአማካይ ሩቡን ስለሆነ ውጤቱ የሚመጣው በዕድል መጠን ነው፤ እርግጥ «ነው» ወይም «አይደለም» አይልም። የታወቁት ልጆች ሁለት ሦስት ሆነው ናሙና ከሰጡ፣ በተለይም የሟች እናትና አባት ካሉ፣ ውጤቱ እየጠራ ይሄዳል።

ለወንዶች ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈው ዋይ ክሮሞዞም ጥሩ ነው፣ ካልተመሳሰለ ነገሩ ያበቃል። ከተመሳሰለ ግን አባትን ከአጎት አይለይም። ምስጢሩ የአጎትየው ሆኖ ሲገኝ ሌላ የቤተሰብ እሳት ይነሳል። ሁለት ሴቶች ከሆኑ የአባታቸው ኤክስ ክሮሞዞም ለሁለቱም ሙሉውን ስለሚተላለፍ እሱ ይታያል። ሆስፒታል ሟች ሲታከም የወሰደው የሥጋ ናሙና ካለ ከሁሉ ይሻላል፤ መቃብር ከመክፈት ያድናል። ከትራስ የለቀሙትን ፀጉር ይዞ መምጣት ግን ዋጋ የለውም። ማን እንደወሰደው፣ መቼ፣ በማን ፊት የሚል መዝገብ የሌለው ናሙና ችሎት ላይ ይወድቃል።

አሥራት፦
እህቴ ማኅሌት፣ ስለ ቃሉ ይቅርታ። ነገር ግን አባትየው ቢፈልግ ኑዛዜ ይጽፍ አልነበረም? አለመጻፉ ፈቃዱ ነው።

የአራዳ ጠበቃ፦
ጽፎም ይከሽፋል፣ ይህን ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። አባት በእጁ ጽፎ ካዝና ውስጥ የቆለፈው ኑዛዜ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ቁጥር 903 ዋጋ ያሳጣዋል። ካዝናው በስምንተኛው ዓመት ሲከፈት ወረቀቱ ድርሻ አይሰጥም። ይሁንና ያው ወረቀት «ልጄ» የሚል ካለበት፣ የአባት ጽሑፍ ሆኖ ለአንቀጽ 143 ይቀርባል ብዬ እከራከራለሁ። ስለዚህ «ጊዜው ያለፈበት ነው» ብላችሁ አትቅደዱት! በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ደግሞ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑም እዚያው ላይ መጻፍ አለበት። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። «ተነበበ» የምትለዋ ቃል ቀርታ የፈረሰው ብዙ ነው።

አለመጻፍ ፈቃድ ነው ላልከው፣ አይደለም። ልጅን በግልጽ ከውርስ መንቀል ራሱ ኑዛዜና ምክንያት ይፈልጋል። ዝም ብሎ የሞተ አባት ማንንም አልነቀለም።

የጉለሌ ልጅ፦
እንግዲያው አቋሜን ላሻሽል። 3 ዓመቱ ይቆይ፤ «አወቀ» የሚለው ግን ልቅሶ በመገኘት ሳይሆን ማስረጃው መውጣቱን በማወቅ ይለካ። 15 ዓመቱም «ሌላ ልጅ የለም» ብለው እያወቁ ላስመሰከሩ አይሥራ፤ ላላወቁት ልጆች ይሥራ። ማኅሌት የፈራችው በዚህ ይመለሳል።

ማኅሌት፦
የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። ሁለተኛው ላይ ግን ማወቃቸውን ከ20 ዓመት በኋላ በምን ታስረዳለህ? ምስክሮቹም ሞተዋል።

ውርስ አጣሪ፦
በቃላቸው። ከማመልከቻው ጋር «የማውቀው ሌላ ልጅ የለም» የሚል በእያንዳንዱ ወራሽ ተፈርሞ የሚያያዝ ቃለ መሐላ ይጠየቅ፤ እናትየዋም ትፈርም። አሁን ሚዛን የሚደፋው የምስክር ቃል ነው። ያ አንድ ገጽ መዝገቡ ውስጥ ካለ በ20ኛው ዓመት የሚነጻጸር ነገር ይኖራል።

ማኅሌት፦
እናትየዋ ትፈርም የሚለውን አልደግፍም። ባሏን በቀበረች በወሩ ስለ ባሏ ሌላ ልጅ በመሐላ መጠየቅ ጭካኔ ነው። ወራሽም አይደለችም። ልጆቹ ይበቃሉ።