ኮምፒውተሬን ላሠራው ወይስ ልገላገለው?

ጸሐፊዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እንጀራዬ ጽሑፍ መተየብና አርሞ ማሰናዳት ነው። ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሬን አብርቼ ዕቃ ላጥብ እሄዳለሁ፤ አጥቤ ስመለስም ያቺ ክብ ነገር እየዞረች ትጠብቀኛለች። ሰዓት ይዤበት ነበር፦ ዴስክቶፑ እስኪመጣ ስድስት ደቂቃ፣ ዎርድ እስኪከፈት ሌላ ሁለት።

ፕሮሰሰሩ (ዋናው አስሊ ቺፕ) ኮር አይ5-4570 ነው፤ 8 ጊጋ ዲዲአር 3 ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው)፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። እ.ኤ.አ. በ2014 ታላቅ ወንድሜ ዕቃውን አንድ በአንድ ለቃቅሞ የገጠመልኝ ነው። ያኔ ከሱ የሚፈጥን ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሌላም አመል አውጥቷል። ከሶኬት ነቅዬ ካሳደርኩት ሰዓትና ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያን ቀን ብራውዘሩ የምከፍተውን ገጽ ሁሉ አላምንም ይለኛል። ከወር ወዲህ ደግሞ ፎቶ የበዛበት ሰነድ ወደ ፒዲኤፍ ስቀይር ድርግም ይላል፤ እፍ እንዳሉት ሻማ። አልፎ አልፎም ከሆዱ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል።

የወሰድኩለት ባለሙያ «አርጅቷል፣ አዲስ ግዢ» አለኝ። ማርጀቱን እኔም አውቃለሁ፤ ያናደደኝ ሳይከፍተው መናገሩ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ድሮ ጠጋኝ፦

እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ተይና ፋይልሽን ገልብጪ። ዛሬውኑ። ያ ቀጭታ የዲስኩ ከሆነ የማንበቢያው ጭንቅላት የሚፈልገውን እያጣ፣ እየተመለሰ፣ እንደገና እየሞከረ ነው። ይህን የጀመረ ዲስክ መቼ እንደሚሞት አይነግርሽም። ከሰው የተቀበልሽውን ሥራ አስቀድሚ፤ ፊልምና ዘፈኑ ከተረፈ ይተርፋል።

ከዚያ ወደ ጥያቄሽ። አንቺ የምታዪው አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ነው፤ እኔ የሚታየኝ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሦስት ብልሽቶች ናቸው። ሰዓቱን የሚያስረሳው ማዘርቦርዱ (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ናት፤ ሲአር 2032 ትባላለች፤ ከዕቃው ሁሉ ርካሿ እሷ ናት። መንቀርፈፉ ባብዛኛው የዲስኩ ነው። ድርግም የሚለው ፕሮሰሰሩ ሲጨነቅ ብቻ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ እጠረጥራለሁ። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ የመንቀርፈፉም ከፊሉ ከዚሁ ሊሆን ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር። ሶኬቱን ነቅለሽ ክዳኑን ክፈቺና በፕሮሰሰሩ ዙሪያ የቆሙትን ትናንሽ በርሜል መሳይ ካፓሲተሮች በባትሪ ብርሃን እያቸው። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ካበጠ ወይም ቡናማ ነገር ካንጠባጠበ ቦርዱ ታሟል፤ ያኔ አንድ ሳንቲም አታውጪበት። ለምን ብትይ፣ የዘመኑ ቦርድ ያንን ፕሮሰሰርም ያንን ራምም አይቀበልም። ሦስቱን አንድ ላይ ትገዣለሽ፤ እሱን ጥገና የሚለው ሻጭ ብቻ ነው።

ሰልችቶኝ፦

ጠጋኝ ያለው ልክ ነው፤ ግን ከእኔ ተማሪ። የኔም ያው ትውልድ ነበር። ፈዘዘ ብዬ ራም ጨመርኩ። ሁለት ወር ቆይቶ ፓወር ሰፕላዩ ሄደ፣ ቀየርኩ። ከዚያ ቦርዱ አረፈ። የጨመርኩት ዲዲአር 3 ራም አዲሱ ላይ አይገባም፤ የክፍተቱ ቦታ ራሱ ስለሚለይ ብትገፊውም እንቢ ነው የሚልሽ። ይኸው መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ በከፈትኩት ቁጥር ያየኛል።

ደግሞ ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው የሚቀበለው። ያንቺ 4ኛ ነው፤ የ4570 መነሻ ቁጥር የሚነግርሽ እሱን ነው። በጓሮ በር የሚያስገቡት አሉ፤ እኔ የሰው ሰነድ በያዘ ማሽን ላይ አላደርገውም።

ፔንግዊን፦

በዊንዶውስ ቦታ የሚሠራውን ነፃ ሲስተም ሊኑክስ ሚንትን በፍላሽ አስነሥተሽ ሳትጭኚው መሞከር ትችያለሽ። በዚያ ዕቃ ላይ ደኅና ይሠራል። ነገር ግን ሥራሽ በዎርድ ከሆነ አንዱን የደንበኛ ሰነድ እዚያ በዎርድ ፈንታ በሚሠራው በሊብሬኦፊስ ከፍተሽ ገጹ ቦታውን እንዳልለቀቀ እይ፤ እኔን ብቻ አትመኚ።

ጸሐፊዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ከፈትኩት። በፋኑና ከሥሩ ባለው ብረት መካከል የተጋገረው አቧራ ሳነሣው እንደ ባዘቶ በአንድ ተያይዞ ወጣ፤ አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ አልነበረም። ከብረቱ ሥር ያለው፣ ሙቀት ከፕሮሰሰሩ ወደ ብረቱ የሚያሻግረው ቅባት (ቴርማል ፔስት) ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ጠርጌ አዲስ ቀባሁት። ፒዲኤፍ ሲሠራ 97 ዲግሪ ይደርስ የነበረው አሁን 68 አካባቢ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልጠፋም። ካፓሲተሮቹን አንድ በአንድ ዳሰስኳቸው፣ ሁሉም ጠፍጣፋ ናቸው። በክዳኑ ውስጥ በኩል የወንድሜ ጽሑፍ አለ፤ በማርከር፦ «ሽቦ አትጎትቺ»። ለአሥራ አንድ ዓመት ክዳኑን ስላልከፈትኩ ምክሩን አሁን ገና አየሁት።

ዲስኩ እንደተባለው ነው። የዲስክ ጤና የሚያሳየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ፕሮግራም ቢጫ ማስጠንቀቂያ አሳየኝ፤ ሊነበቡ ያልቻሉ ሴክተሮች (የዲስኩ ትናንሽ ክፍሎች) 212። ሥራዬን በሙሉ አወጣሁ፤ ሁለት የፎቶ ፎልደሮች ግን እንቢ ብለው ቀሩ።

ሰልችቶኝ፣ ያ የመሳቢያ ራምህ ነው የወሰነልኝ። ከዚህ ማሽን ጋር አብሮ የሚቀበር ዕቃ አልገዛም ብዬ ራሙን ተውኩት፣ የሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ብቻ ገዛሁ። ቦርዱ የታመመ ቀን እሱን ነቅዬ ይዤው እወጣለሁ። ከታመመው ዲስክ ከመቅዳት ብዬ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫንኩበት፦ ስድስቱ ደቂቃ 24 ሰከንድ ሆነ። ዕቃ የማጥቢያ ሰዓቴን ነጠቀኝ እንጂ።

ሚንትንም ሞክሬ ነበር፤ አንዱ ሰንጠረዥ ወደ ቀጣዩ ገጽ ፈሰሰብኝ። ስለዚህ ለዊንዶውስ 10 የተራዘመው የደኅንነት ማሻሻያ ላይ ተመዝግቤያለሁ። እሱ የሚያደርሰኝ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ነው፤ እስከዚያ ለአዲሱ አጠራቅማለሁ።

ባትሪዋን ግን ረሳኋት። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው 2013 ነው አለኝ።